ሁለት ቴፕ፣ አንድ ስብከት

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ዩኒየን ስኩዌር በሚባለው አደባባይ፣ አንድ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ቆሞ ስለ ጥፋት ውኃ ይሰብክ ነበር። የጴንጤቆስጤ ሰባኪ ነው። ራሱን "ወንድም ዋልተር" ብሎ ይጠራ ነበር፤ የሙዚቃ ታሪክ የሚያውቀውም በዚህ ስም ብቻ ነው። ሰዎች በኖኅ ላይ እንዴት እንደሳቁ፣ ዝናቡ በመጣ ጊዜም የተዘጋውን የመርከብ በር እንዴት እንደደበደቡ እየጮኸ ይናገራል። ንግግሩ ዜማ አለው። ስብከት ነው ወይስ መዝሙር ለማለት ያስቸግራል፤ አንዳንድ የገጠር ወንጌላውያኖቻችን መንፈሳቸው ሲነሣሣ እንደሚሰብኩት ያለ ነው።

በዚያ አደባባይ ማይክሮፎንና ቴፕ ሪከርደር ይዞ የቆመ ሰው ነበር። ስቲቭ ራይክ ይባላል። ገና 30 ዓመት ያልሞላው የኒው ዮርክ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ከተማረ በኋላ ወደ ሙዚቃ ድርሰት ገባ፤ በሳን ፍራንሲስኮም ለኑሮው ታክሲ ይነዳ ነበር። የሰባኪውን ድምጽ ቀዳ። በቀረጻው ውስጥ በዚያ ቅጽበት ብድግ ብላ የበረረች ርግብ ክንፍ እንደ ከበሮ ይሰማል። ስለ ኖኅ በሚሰበክ ስብከት ውስጥ ርግብ! ማንም አቅዶት አይደለም።

ከዚያ ስብከት በጥር 1965 የተሠራው ሥራ "ዝናብ ሊዘንብ ነው" ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲነሣ ይህ ሥራ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ስለ ማሽኖቹና ስለ ስልቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰባኪው ነው፤ በአደባባይ የተናገረው ቃል በሁለት ቴፕ መካከል ገብቶ ምን ሆነ?

መጀመሪያ ስልቱን እንረዳ። ራይክ ከስብከቱ አንዲት አጭር ሐረግ መረጠ። ሐረጓ ያለችበትን ቴፕ ቆርጦ፣ ጫፍና ጫፉን አጣብቆ እንደ ቀለበት አደረገው። ይህ ሉፕ ይባላል፤ ማሽኑ ላይ ሲዞር ያው ሐረግ ሳያቋርጥ ይደጋገማል። ሁለት እኩል ሉፖች አዘጋጅቶ በሁለት ርካሽ ቴፖች ላይ ጫናቸው። ሐሳቡ የአንደኛው መጀመሪያ በሁለተኛው መካከል ላይ እንዲያርፍ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማቸው ግን ሁለቱ አንድ ላይ ጀመሩ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይለያዩ ጀመር። አንዱ ማሽን ከሌላው በጥቂት ይፈጥን ነበርና። ድምጹ ከራሱ መካከል ወደ አንድ ጆሮው ሲሄድ፣ ከዚያ ወደ ታች የወረደ ሲመስል፣ ከዚያ የገደል ማሚቶ ሲሆን ሰማ። አቅዶት ከነበረው ይልቅ ይህ አጋጣሚ በለጠበት። ስልቱ በእንግሊዝኛ ስሙ ፌዚንግ ይባላል፤ እኛ "መቀዳደም" ብንለው የምንሳሳት አይመስለኝም።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሉፕ የአንድ ሰከንድ ርዝመት አለው እንበል፤ አንደኛው ማሽን ከሌላው በመቶ አንድ እጅ ይፍጠን። በየዙሩ ከአንድ ሰከንድ መቶኛውን ያህል ይቀድማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዙሮች ጆሯችን ሁለት መሆናቸውን አይለይም፤ ድምጹ ወፍሮ ብቻ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ ማሚቶ ይሆናል። 50ኛው ዙር አካባቢ አንዱ ሲጀምር ሌላው መካከል ላይ ነው፤ አሁን ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚናገሩ ይመስላል። 100ኛው ዙር ላይ እንደገና ይገናኛሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማንም አዲስ ነገር አልጨመረም። አዲስ ዜማ የሰማን የመሰለን ያው አሮጌው ከራሱ ጋር ስለተጋጨ ነው።

እኛ በሐረር አካባቢ ለምንኖር ይህ እንግዳ አይደለም። የጁገል ግንብ 82 መስጊዶችን አቅፎ ይዟል። ንጋት ላይ አዛን ሲሰማ ቃሉ አንድ ነው፤ የሚጀመርበት ቅጽበት ግን ከመስጊድ መስጊድ ይለያያል። ከተማው ሁሉ በአንድ ቃል ማሚቶ ይሞላል። ልዩነቱ፣ የአዛኑ ድምጾች የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው፤ የራይክ ግን ያው አንድ ሰው፣ ያው አንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ይልቅ የሚቀርበው በሜዳ በሚደረግ ኮንፈረንስ ከኋላ ቆማችሁ የምትሰሙት ነው። ከመድረኩ ድምጽ ማጉያና አጠገባችሁ ካለው የአንድ ሰባኪ ቃል ሁለት ጊዜ ይደርሳችኋል። የድምጽ ባለሙያዎቻችን ይህን ለማጥፋት ሲደክሙ ያመሻሉ፤ ራይክ ግን ከዚሁ ሙዚቃ ሠራ።

አሁን ወደ ሰባኪው እንመለስ። በሥራው የመጀመሪያ ክፍል ሐረጉ ከራሱ ተለይቶ ሄዶ መልሶ ከራሱ ጋር ይገናኛል። ቃሉ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠፋም፤ እንዲያውም በየዙሩ እየከበደ ይሄዳል። በሁለተኛው ክፍል ግን ሉፑ ረዘም ይላል፤ ሁለት የነበረው ድምጽ አራት፣ ከዚያ ስምንት ይሆናል። ሰባኪው ስለ ተዘጋው በር የሚናገረው ቃል ተፈረካክሶ ጩኸት ብቻ ይቀራል። መጨረሻ ላይ አንድም ቃል አይለይም። ራይክ ራሱ ሥራውን ከዘመኑ ስጋት ጋር አያይዞ ተናግሯል። በ1962 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳይሎች ሰበብ ለኑክሌር ጦርነት ተቃርበው ነበር፤ የዓለም መጨረሻ በዜና የሚሰማ ነገር ሆኖ ነበርና የኖኅ ታሪክ ለእርሱም ተረት አልነበረም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ ዋሽንትም ሆነ በገና ድምጹ ካልተለየ፣ መለከትም የማይገለጥ ድምጽ ከሰጠ ምን ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ያነሣል። በዚህ ሚዛን ሁለተኛው ክፍል ስብከቱን ገድሎታል ማለት ይቻላል። እኔ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ከውጭ የቀሩት ሰዎች ጩኸት ከመርከቡ ውስጥ ሆኖ ለሚሰማ ምን ይመስል ነበር? ቃል በቃል ይሰማ ነበርን? ያን ክፍል ስሰማ የኖኅ ቤተሰብ የሰማውን የምሰማ ይመስለኛል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው፤ የደራሲው ስም በየመጽሐፉ አለ፣ የሰባኪው የአባት ስም እንኳ የለም።

በቀጣዩ ዓመት ራይክ ሌላ ድምጽ ያዘ። በሃርለም ሠፈር ዳንኤል ሃም የሚባል ጥቁር ወጣት በፖሊስ ጣቢያ ተደብድቦ ነበር። ፖሊሶቹ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዱት ደሙ የሚታየውን ብቻ ስለነበረ ልጁ የበለዘውን እግሩን ከፍቶ ደሙን አወጣ፤ ይህንንም በቴፕ ሲናገር ተቀርጿል። በኋላ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። ራይክ ከዚህ ምስክርነት አንዲት ሐረግ ወስዶ "ወጥቶ ይታይ" የምንለውን ሥራ ሠራ፤ ሥራውም በ1966 ለስድስቱ ወጣቶች ዳግም ችሎት ገንዘብ በተሰበሰበበት ዝግጅት ላይ ተሰማ። ድምጾቹ እዚህም ከሁለት ወደ አራትና ወደ ስምንት ይበዛሉ። ቢያንስ የዚህኛው ተናጋሪ ሙሉ ስም ታውቋል፤ ሥራውም ለእርሱ ጉዳይ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ለመዘምራንና ለኪቦርድ ተጫዋቾቻችን የሚጥም ነው፤ ማሽን በስንፍናው ያደረገውን ሰው በፈቃዱ ሊያደርገው ይችላል? ራይክ በ1966 ለሳክስፎንና ለቴፕ የሚሆን ሥራ ጻፈ፤ ቴፑ አንድ ዜማ ሳይለወጥ ይደግማል፣ ነፊው ያንኑ ዜማ እየተጫወተ ቀስ ብሎ ይቀድመዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የራሱን የፒያኖ ዜማ ቀድቶ ሉፕ አደረገና ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ከገዛ ድምጹ ጋር ተለማመደ። የሚቻል ሆኖ ሲያገኘው ቴፑን አስወጥቶ በቦታው ሁለተኛ ፒያኖ ተጫዋች አስቀመጠ። "ፒያኖ ፌዝ" የተባለው ይህ ነው። ዜማው 12 እኩል ምቶች አሉት። አንዱ ተጫዋች እንደ ዓለት ጸንቶ ይቆያል፤ ሌላው በጥቂቱ እየፈጠነ ልክ አንድ ምት እስኪቀድም ይሄዳል፣ እዚያ ይቆማል፣ ከዚያ እንደገና። በ1967 "ቫዮሊን ፌዝ" መጣ፤ እዚህ ቴፑ ተመልሶ አንድ ቫዮሊን በሕይወት፣ ሌሎቹ በቴፕ ሆነው የሚጫወቱበት ነው። አራት ቫዮሊኖችም ሊጫወቱት ይችላሉ።

ከባዱ የትኛው ይመስላችኋል? ብዙ ሰው የሚፈጥነው ይላል። ሞክሩትና የሚጸናው እንደሚብስ ታያላችሁ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሲፈጥን አብራችሁ አለመፍጠን እጅግ ይከብዳል። በየኳየሩ ከበሮ የሚመታ ሁሉ ያውቀዋል፤ ጉባኤው በጭብጨባ መሮጥ ሲጀምር መዝሙሩ ሲያልቅ ከጀመረበት በእጥፍ የፈጠነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለመሞከር ፒያኖ አያስፈልግም። ራይክ በ1972 ሁለት ሰዎች በእጃቸው ብቻ የሚሠሩትን "የጭብጨባ ሙዚቃ" ጻፈ። ሦስት ጭብጨባ፣ አንድ ዝምታ፣ ሁለት ጭብጨባ፣ አንድ ዝምታ፣ አንድ ጭብጨባ፣ አንድ ዝምታ፣ ሁለት ጭብጨባ፣ አንድ ዝምታ፤ በድምሩ 12። አንደኛው ይህን ብቻ ይደጋግማል። ሁለተኛው አብሮት ይጀምርና ከተወሰነ ድግግሞሽ በኋላ አንድ ምት ይዘላል። እዚህ ቀስ እያሉ መንሸራተት የለም፤ በአንድ ጊዜ መዝለል ነው። ከ12 ዝላይ በኋላ ሁለቱ እንደገና አንድ ይሆናሉ። የድሬ ጠያራ ወጣቶች ቅዳሜ ከመዝሙር ልምምድ በኋላ ቢሞክሩት ሦስተኛው ዝላይ ላይ ሣቅ እንደሚፈነዳ እገምታለሁ።

እዚህ ላይ "እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አለም፣ የለምም። የእምቢልታ ነፊዎችን አስቡ፤ አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምጽ ብቻ ይሰጣል፣ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሲቀባበሉ ነው። የደራሼ ፊላም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምጽ በተራው ይነፋል። በፌዚንግ መካከል ላይ የሚሰማው መቀባበል ይህን ይመስላል። ነገር ግን እምቢልታ ነፊዎች ቦታቸውን አይለቁም። እዚያ እያንዳንዱ የጎደለውን ይሞላል፤ እዚህ ሙሉ የሆነው ከራሱ ይለያል። ሁለቱን አንድ ናቸው ማለት ለአገር ፍቅር ይመች ይሆናል እንጂ እውነት አይሆንም።

የቴፕ ሙዚቃ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝበት በር ግን ሌላ ነው። ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብጻዊ በ1944 በካይሮ፣ ድምጽን በመግነጢስ ሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ፣ ሴቶች የሚያደርጉትን የዛር ሥርዓት ቀዳ። ቀረጻውን በማሚቶ ክፍል እያሳለፈና ከድምጹ የፈለገውን እየቀነሰ አዲስ ሥራ አደረገው። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በ1948 ተመሳሳይ ነገር ከመጀመሩ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ዛሩ እኛ የምናውቀው ዛር ነው። ለእኛ በጸሎት ሰዎች ነጻ እንዲወጡ የምንማልድበት ነገር ነውና ብዙዎቻችሁ ፊታችሁን እንደምታጠቁሩ አውቃለሁ። ቢሆንም የተቀዳ ድምጽ ሙዚቃ አንዱ ምንጭ የዛር ቤት፣ ሌላው የጴንጤቆስጤ ሰባኪ መሆኑ ያስገርመኛል። ሁለቱም ዘንድ ሰው በመንፈስ ተይዞ ሲናገር ይሰማል፤ መንፈሱ አንድ አይደለም እንጂ።

ሃሊም ኤል-ዳብ በ1950 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኋላም በኒው ዮርክ በታወቀው የኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠራ። ከዚያ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በእኛ አገር የሚታወስበት ሥራው የቴፕ አይደለም። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ፤ መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮ የሚጫወቱ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሰዎችን አንድ መድረክ ላይ አቀመጠ። በማሽን የሚሠራ ሙዚቃን ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የሆነው ሰው እዚህ ሲደርስ የሰውን እጅና ትንፋሽ መሰብሰቡ ትርጉም ያለው ይመስለኛል።

ቴፕ በዚያው ዓመት በሌላ በር ወደ አብያተ ክርስቲያናት ገባ። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በ1963 በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ደርግ በ1977 እስኪወርሰው ድረስ ስብከትና መዝሙር በቴፕ እየተቀዳ ለብዙ አገር ይሰራጭበት ነበር። አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ዘመን ደግሞ ካሴት መጣ። የተስፋዬ ጋቢሶን መዝሙሮች ታላላቆቻችሁ እንዴት እንደሰሟቸው ጠይቋቸው። ዘማሪው ሰባት ዓመት ያህል በእስር ሲቆይ ድምጹ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር። ቅጂው ከቅጂ ሲቀዳ ጩኸቱ እየጨመረ፣ በማሽኑ ፍጥነት ልክ ዜማው ከፍ ወይም ዝቅ እያለ ይሄዳል። ያንን ጉድለት ማንም እንደ ሙዚቃ አልቆጠረውም። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠግተው በሹክሹክታ መጠን ሲሰሙ የሚፈልጉት ቃሉን ነበር። ለራይክ ቴፕ የሙዚቃ መሣሪያ ነበር፤ ለእነርሱ ግን መልእክተኛ ነበር።

መሣሪያና መልእክተኛ ሊስማሙ አይችሉም ማለት ግን አይደለም። በእንግሊዝ ጋቪን ብራያርስ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ፣ በለንደን ጎዳና ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች ከተሠራ ፊልም የተረፈ ቴፕ አገኘ። ከሰካራሞቹ መካከል እርሱ ግን የማይጠጣ አንድ ሽማግሌ ስለ ኢየሱስ ደም አጭር መዝሙር ይዘምራል። ብራያርስ በ1971 ይህን ሉፕ ለማድረግ ወደሚሠራበት ትምህርት ቤት ወስዶ ቴፑን እያስቀዳ በሩን ክፍት ትቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ በአጠገቡ ባለው ትልቅ የሥዕል ክፍል የነበሩት ሰዎች ጸጥ ብለው፣ እርምጃቸውን አቀዝቅዘው፣ አንዳንዶችም ለብቻቸው ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ጥቂት ነው። የሽማግሌውን መዝሙር አልቆረጠውም፣ ከራሱም ጋር አላጋጨውም፤ ሙሉውን እየደጋገመ ከሥሩ የሙዚቃ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ አስገባ። ድምጹ ሰባራ ነው፤ መሣሪያዎቹ ግን ሰባራውን ተከትለው ይሄዳሉ። ሽማግሌው ሥራውን ሳይሰማ ሞተ። የእርሱም ስም አልታወቀም።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ብቻ ስሙ ብባል የብራያርስን እመርጣለሁ። መደጋገም በራሱ ክፉ አይደለም። መዝሙር 136 በ26ቱም ቁጥሮች መጨረሻ ያንኑ አዝማች ይመልሳል፤ ማንም ሰለቸኝ ሲል አልሰማሁም፣ በየመካከሉ ፍጥረትና የግብፅ መውጣት፣ ባሕሩና ምድረ በዳው አሉና። አምልኮ መሪዎቻችን አንድ መስመር 20 ጊዜ ሲያስደግሙን መካከሉ ባዶ ከሆነ ኪቦርዱ ላይ ያለው የተዘጋጀ ሪትም እኛን ሉፕ አደረገን ማለት ነው።

ራይክ እስከ 1971 ድረስ በፌዚንግ ጻፈ። በ1970 ወደ ጋና ሄዶ የኤዌ ሕዝብን ከበሮ ተማረ፤ ሲመለስ የጻፈው "ድራሚንግ" የዚህ ስልት የመጨረሻው ትልቅ ሥራው ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አባቶቹ እምነት ተመለሰ፤ ዕብራይስጥ ተማረ፣ ኦሪት በዜማ የሚነበብበትን ሥርዓት ለማጥናት እስከ ኢየሩሳሌም ሄደ። በ1981 "ተሂሊም" የሚባለውን ሥራ አወጣ። ተሂሊም በዕብራይስጥ መዝሙረ ዳዊት ማለት ነው፤ ቃሉ ከመዝሙር 19፣ 34፣ 18 እና 150 የተወሰደ ነው። ቴፕ የለበትም። አራት ሴቶች ይዘምራሉ፤ ከሥራቸው ከበሮዎችና ጭብጨባ አሉ። ድምጾቹ እዚህም እዚያም ይከታተላሉ፣ አንዱ የሌላውን ዜማ ከኋላ ይይዛል። ነገር ግን በዚህ ሥራ ምቱን የሚወስነው የዕብራይስጡ ቃል ነው፤ ቃሉ ረጅም ከሆነ ምቱ ይረዝማል፣ አጭር ከሆነ ያጥራል። በአደባባይ የቀዳውን ስብከት ቆርጦ ቀለበት ካደረገ 16 ዓመት በኋላ ያው ሰው መዝሙሩን ከቁጥር ቁጥር ሳይቆርጥ አዘመረው።